ቡት የሚያደርግ ፍላሽ አሠራር፦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለመጫን

ሲስተሙ የተበላሸ፣ ቫይረስ የወረረው ወይም ከመጠን በላይ የተንቀራፈፈ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ለዚያ ደግሞ ቡት የሚያደርግ ፍላሽ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊነሳበት የሚችል የዩኤስቢ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፍላሹን መሥራት በራሱ ከባድ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው የተሠራው ፍላሽ ሲሰካ ኮምፒውተሩ አላየውም ሲል፣ ወይም አይቶት ከተነሳ በኋላ "በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም" ሲል ነው። የዚህ ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ፍላሹ የተዘጋጀበት መንገድና ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድ አልተገናኙም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከፍላሹ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ማወቅ

ኮምፒውተር ሲበራ የማስነሻ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አሮጌው ሌጋሲ ባዮስ ይባላል። የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ያነብና እዚያ ያገኘውን አጭር ፕሮግራም ያስነሳል። አዲሱ ዩኢኤፍአይ ነው። ይሄኛው ያንን ሴክተር ትቶ በፋት32 የተፎርማተ ክፍል ይፈልጋል፤ ውስጡ "ኢኤፍአይ" የሚባል ፎልደር ካገኘ እዚያ ያለውን የማስነሻ ፋይል ይከፍታል። የዲስክ አከፋፈሉም አብሮ ይለያያል፤ ሌጋሲ ከኤምቢአር ጋር ይሄዳል፣ ዩኢኤፍአይ ከጂፒቲ ጋር።

የአይኤስኦ ፋይሉን እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጎ መሰካት የማይሠራውም ለዚህ ነው። አይኤስኦ የመጫኛው ዲቪዲ በሙሉ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያንን ፋይል ከፍቶ ውስጡን የማየት አቅም የለውም። ፍላሽ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ሥራቸው አይኤስኦውን ፈትተው ማስነሻውን በሚፈለግበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ዊንዶውሱ አሁንም የሚከፈት ከሆነ በስታርት ሜኑ "ሲስተም ኢንፎርሜሽን" ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ። "ባዮስ ሞድ" የሚለው መስመር ላይ ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ የሚል ታገኛላችሁ። ጻፉት። ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ግን በዕድሜው ገምቱ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ዊንዶውስ ከፋብሪካ ተጭኖባቸው የተሸጡት ዩኢኤፍአይ ናቸው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ይህ የባዮስ ሞድ መስመር የሚናገረው አሁን ያለው ዊንዶውስ እንዴት እንደተነሳ ብቻ ነው። ዩኢኤፍአይ ያለው ማሽን ላይ ባለሙያው ሌጋሲ አድርጎ ጭኖት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ማሽን ካጋጠማችሁና ዲስኩን ሙሉ በሙሉ የምትጠርጉት ከሆነ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ገብታችሁ ወደ ዩኢኤፍአይ መልሱት፤ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውም እሱን ነው።

ቀጥሎ የትኛው ዊንዶውስ እንደሚሆነው ወስኑ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ የማስነሻ ፕሮግራምን የሚከለክል ጥበቃ) የሚችል ዩኢኤፍአይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ነው። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ይጀምራል፣ በኤኤምዲ በኩል ከራይዘን 2000 ተከታታይ። በ4 ጊጋባይት ራም ዊንዶውስ 11 ይጫናል፤ ግን አይመችም፤ 8 ቢኖር ይሻላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ በነጻ እንደልብ የሚመጣ የደኅንነት ማሻሻያ የለም። በጣም ላረጀ ማሽን ሊኑክስ ሚንት ወይም ሌላ ቀለል ያለ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) መጫን በግድ ዊንዶውስ 11 ከመጎተት የተሻለ ውሳኔ ነው።

ከመጥረጋችሁ በፊት

እዚህ ላይ መቸኮል ያስከፍላል። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ እና ዳውንሎድስ ፎልደሮች የሚገኙት ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ዴስክቶፑ ላይ የሚታየው ፋይል "ሌላ ቦታ ነው" ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ሲ ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። በብሮውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች፣ የጫናችኋቸው ፎንቶች፣ የሒሳብ ፕሮግራሞች ዳታቤዝ፣ በአውትሉክ የተቀመጠ ኢሜይል ቅጂ ካልተያዘላቸው አይመለሱም። ቅጂውን የምትይዙበት ቦታ የመጫኛው ፍላሽ መሆን የለበትም፤ እሱም ሲሠራ ይጠረጋል።

ዊንዶውሱ የማይነሳ ቢሆንም ፋይሎቹ አልጠፉም። የሊኑክስ ቡት ፍላሽ አዘጋጅታችሁ ሳትጭኑት "ትራይ" በሚለው ብቻ ብታስነሱት ዲስኩን ከፍታችሁ ፋይሎቹን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ትችላላችሁ። ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ግን 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ካልተገኘ አይከፈትም። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። የባዮስ ቅንብር መቀየርም ቁጥሩን እንዲጠይቅ ሊያደርገው ስለሚችል ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት አግኝታችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ሌላው የኤዲሽኑ ጉዳይ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም (በዊንዶውስ 10 አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ)፣ ከዚያ አክቲቬሽን ስትገቡ ዊንዶውሱ ሆም ይሁን ፕሮ ታያላችሁ። በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የሆነ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚያያዝ ያንኑ ኤዲሽን መልሳችሁ ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሆም በነበረው ላይ ፕሮ ከጫናችሁ አይሆንም።

የዲስኩን ክፍሎች መጠንም ጻፉ። ለምሳሌ ሲ 237 ጊጋባይት፣ ዲ 465 ጊጋባይት ብላችሁ። ለምን እንደሚጠቅም ወረድ ብሎ ይመጣል።

ፍላሹና አይኤስኦው

ለዊንዶውስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ያስፈልጋል፤ 16 ቢሆን አያስጨንቅም። ባለ ዩኤስቢ 3.0 ፍላሽ ከተገኘ ጊዜ ይቆጥባል። ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ ሳይሆን እውነተኛነቱ ነው። 128 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ግን ውስጡ 8 ጊጋባይት ብቻ የሆነ አስመሳይ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲጻፍበት ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ሲነበብ ግን የተጻፈው የለም። ውጤቱ መጫኑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ "ፋይል ጎድሏል" ማለት ነው። ፍላሹ ካጠራጠራችሁ ሩፈስ በተባለው የፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ከፎርማት አማራጮች ሥር ያለውን የባድ ብሎክ ምርመራ በአንድ ዙር አስኬዱት፤ የውሸት መጠኑንም ያጋልጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ መጫን ከጀመሩ በኋላ ከመቋረጥ ግን ይሻላል።

አይኤስኦውን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ነጻ ነው። "ቀለል የተደረገ" ወይም "አክቲቬት የሆነ" እየተባለ በቴሌግራም የሚዞረው ዊንዶውስ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ድረ ገጹ ላይ የዲስክ ኢሜጅ የሚለውን ክፍል ፈልጋችሁ ባለ 64 ቢቱን፣ ከዚያ ቋንቋውን ምረጡ። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ኔትዎርክ ከተቆራረጠ ሳይጨርስ ሊቆም ይችላል። ማውረጃ ፕሮግራም ብትጠቀሙ ካቆመበት ይቀጥላል።

ካለቀ በኋላ ትክክለኛነቱን አረጋግጡ። ማይክሮሶፍት በማውረጃው ገጽ ላይ ሻ-256 የሚባል 64 ሆሄና ቁጥር ያለው መለያ ያስቀምጣል። ሰቨንዚፕ የተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ አይኤስኦውን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሲአርሲ ሻ ከሚለው ውስጥ ሻ-256ን ስትመርጡ የፋይሉን መለያ አስልቶ ያሳያችኋል። ሁለቱን አስተያዩ። አንድ ሆሄ እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷልና እንደገና አውርዱ። ይህን ሁለት ደቂቃ የሚዘሉት ሰዎች ኋላ ላይ ፍላሹን፣ ዲስኩንና ራሙን በከንቱ ሲጠራጠሩ ይውላሉ።

ፍላሹን መሥራት

ምንም ማስተካከል ለማያስፈልገው፣ ዊንዶውስ 11ን በሙሉ ለሚያሟላ ኮምፒውተር ቀላሉ መንገድ የማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ነው። አይኤስኦ ለብቻው ማውረድ አያስፈልግም፤ ቱሉን ትከፍታላችሁ፣ በስምምነቱ ትስማማላችሁ፣ ቋንቋ ትመርጣላችሁ፣ "ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ" የሚለውን መርጣችሁ ፍላሹን ታሳዩታላችሁ፤ ራሱ አውርዶ ራሱ ይጽፋል። ጉዳቱ ፍላሽ ባበላሻችሁ ቁጥር ሁሉንም እንደገና ማውረዱ ነው። ኢንተርኔት ውድ ወይም ዘገምተኛ ከሆነ አይመከርም።

አይኤስኦው በእጃችሁ ካለ ግን ሩፈስ ይሻላል። መጫን የማያስፈልገው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ነው። አዲሱን ስሪት ከራሱ ገጽ አውርዱ፤ የቆዩት ስሪቶች የሚሠሩት ፍላሽ ሴኪዩር ቡት የበራበት ኮምፒውተር ላይ አይነሳም።

1. ሌሎች ፍላሾችንና ውጫዊ ዲስኮችን ሁሉ ንቀሉ። የምትሠሩበት ፍላሽ ብቻ ይቅር። የተሳሳተ ዲስክ መጥረግ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

2. ሩፈስን ክፈቱ። ከላይ "ዲቫይስ" የሚለው ላይ የፍላሹ ስምና መጠን መውጣቱን አረጋግጡ።

3. "ቡት ሴሌክሽን" ከሚለው ጎን ያለውን "ሴሌክት" ተጭናችሁ አይኤስኦውን ምረጡ። "ኢሜጅ ኦፕሽን" የሚል ከመጣ ስታንዳርድ የሚለው ላይ ተዉት።

4. "ፓርቲሽን ስኪም" የሚለው ነው ዋናው ውሳኔ። ኮምፒውተሩ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ጂፒቲ፣ ሌጋሲ ከሆነ ኤምቢአር። የመጀመሪያውን ስትመርጡ "ታርጌት ሲስተም" በራሱ ዩኢኤፍአይ ይሆናል። እዚህ የምትመርጡት ፍላሹ ለሚሰካበት ኮምፒውተር እንጂ አሁን ለምትሠሩበት ኮምፒውተር አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል።

5. "ፋይል ሲስተም" የሚለውን ሩፈስ በመረጠው ላይ ተዉት። በአብዛኛው ኤንቲኤፍኤስ ነው የሚሆነው። የዊንዶውስ ዋናው የመጫኛ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም። ሩፈስ ይህን የሚፈታው መጫኛውን በኤንቲኤፍኤስ አድርጎ፣ ከጎኑ ዩኢኤፍአይ የሚያነበው አንዲት ኢምንት ክፍል በመጨመር ነው። ኋላ ላይ ይህቺን ትንሽ ክፍል አይታችሁ "ምንድን ናት" ብላችሁ እንዳታጠፏት።

6. "ስታርት" ተጫኑ። የዊንዶውስ 11 ወይም 10 አይኤስኦ ከሆነ ምርጫዎች ያሉት መስኮት ይመጣል። የመጀመሪያው የራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤም መስፈርቱን የሚያስቀር ነው። ሌሎቹ የማይክሮሶፍት አካውንት ግዴታ እንዳይሆን፣ የአካባቢ አካውንት በምትሰጡት ስም እንዲፈጠር እና ቢትሎከር በራሱ እንዳይበራ የሚያደርጉ ናቸው። ቲፒኤም ያለው ደኅና ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያውን ምልክት አታድርጉበት፤ አያስፈልገውም። መስፈርቱን ዘላችሁ የጫናችሁት ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት ድጋፍ የማይሰጠው ስለሆነ ትላልቅ ማሻሻያዎች በራሳቸው ላይመጡለት ይችላሉ።

7. ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል። ስሙን ደግማችሁ አንብቡና እሺ በሉ።

አረንጓዴው መስመር መሐል ላይ ረዥም ጊዜ ቆሞ የቀረ ቢመስል አትንኩት፤ ያንን ትልቁን ፋይል እየጻፈ ነው። ባለ 2.0 ፍላሽ ላይ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ሲጨርስ መስመሩ ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ "ሬዲ" ይላል። "ክሎዝ" ብላችሁ ፍላሹን በኢጀክት አውጡት፤ ሳይጨርስ የተነቀለ ፍላሽ ጤነኛ መስሎ ይታይና መጫኑ መሐል ላይ ይከዳል።

ብዙ ኮምፒውተር ለሚጭን ሰው ቬንቶይ የተባለው ፕሮግራም የተለየ ጥቅም አለው። ፍላሹን አንድ ጊዜ በቬንቶይ ካዘጋጃችሁት በኋላ አይኤስኦዎቹን እንደ ማንኛውም ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ማስገባት ነው። በ64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 10፣ ዊንዶውስ 11፣ ሊኑክስና የዲስክ መጠገኛ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲነሳ ከዝርዝር ትመርጣላችሁ። ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን ላይ የመጀመሪያ ጊዜ የቬንቶይን ቁልፍ እንድታስመዘግቡ በሰማያዊ ስክሪን ይጠይቃል። አንዳንድ አሮጌ ባዮስ ላይ ደግሞ ያስቸግራል፤ ስለዚህ አንድ በሩፈስ የተሠራ መጠባበቂያ ፍላሽ ይኑራችሁ።

የሊኑክስ አይኤስኦ ከሆነ ሩፈስ በአይኤስኦ ሁነታ ወይም በዲዲ ሁነታ ልጻፍ ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ አይኤስኦውን ሞክሩ፤ ካልተነሳ በዲዲ ድገሙት። በዲዲ የተጻፈ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩት "ፎርማት ይደረግ" የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አይ በሉ። ባሌና ኤቸር የተባለው ፍላሽ መሥሪያም ለሊኑክስ ጥሩ ነው፣ ለዊንዶውስ አይኤስኦ ግን አይሆንም።

ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት

ፍላሹን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ፤ በዩኤስቢ ማባዣ በኩል አይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ያሉትን ተጠቀሙ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩና ሎጎው ከመታየቱ በፊት የቡት ሜኑውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉ። አንድ ጊዜ ተጭኖ መያዝ ብዙ ጊዜ አይሠራም። በኤችፒ ኤፍ9 ነው፣ ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ ከሚመጣው ዝርዝር መምረጥ። በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ ኤፍ12። በአሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ፣ በአሱስ ማዘርቦርድ ኤፍ8። በኤምኤስአይ ኤፍ11። በኤሰር ኤፍ12 ሲሆን ብዙዎቹ ላይ ግን መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ ገብታችሁ የቡት ሜኑውን ማብራት አለባችሁ። አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ደግሞ ከጎናቸው ወይም ከቻርጀር መሰኪያው አጠገብ በመርፌ የሚነካ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ እሱን መንካት ሜኑውን ያመጣል። በላፕቶፕ ኪቦርድ ላይ ኤፍ ቁልፎቹ ለድምፅና ለብርሃን ከዋሉ ኤፍኤን የሚለውን አብራችሁ ተጫኑ።

ቁልፉ አልሠራ ካለና ዊንዶውሱ የሚከፈት ከሆነ ሺፍት እንደያዛችሁ "ሪስታርት" በሉ። በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን "ዩዝ ኤ ዲቫይስ" ውስጥ ፍላሹን ታገኛላችሁ። "ሻት ዳውን" ማለት በዊንዶውስ ሙሉ መጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው የሲስተሙን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚተኛ ቁልፎቹን ለመንካት ፋታ አይሰጥም። ሪስታርት ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

የቡት ሜኑው ውስጥ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ልታዩት ትችላላችሁ፤ አንዱ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። በጂፒቲ ከሠራችሁ ዩኢኤፍአይ ያለበትን ምረጡ። የሌለበትን መርጦ መነሳት ኋላ ዲስክ ላይ አልጫንም ለሚለው መልእክት የተለመደ ምክንያት ነው።

መጫኑና የዲስክ ክፍሎቹ

ቋንቋና ኪቦርድ ከመረጣችሁ በኋላ አዲሱ የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይሎች፣ አፖችና ሴቲንጎች እንደሚጠፉ መስማማታችሁን በምልክት ያረጋግጣል። የምርት ቁልፍ ሲጠይቅ የለኝም የሚለውን ተጫኑ። ኤዲሽን ሲጠይቅ የጻፋችሁትን ምረጡ። ቆየት ባለው መጫኛ "አፕግሬድ" እና "ከስተም" የሚሉ ይመጣሉ፤ ከስተም ነው።

ከዚያ የዲስኮቹ ዝርዝር ይመጣል። እዚህ ቀስ በሉ። ሲ ወይም ዲ የሚል ፊደል የለም፤ "ዲስክ 0 ፓርቲሽን 1" እያለ ነው የሚሄደው። በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ በተለምዶ ወደ 100 ሜጋባይት የምትሆን የኢኤፍአይ ክፍል፣ 16 ሜጋባይት የምትሆን ኤምኤስአር፣ ትልቁ ሲ፣ እና መጨረሻ ላይ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት እስከ አንድ ጊጋባይት የምትሆን የሪከቨሪ ክፍል ታያላችሁ። የጻፋችሁት መጠን የሚጠቅመው አሁን ነው።

ቅጂው በሙሉ ተይዞ ከሆነና ዲስኩ አንድ ከሆነ የዚያን ዲስክ ክፍሎች አንድ በአንድ ዲሊት እያላችሁ አንድ "ያልተመደበ ቦታ" ብቻ እስኪቀር ሂዱ። እሱን መርጣችሁ "ኔክስት"። ትናንሾቹን ክፍሎች መጫኛው ራሱ ይፈጥራቸዋል፤ በእጅ "ኒው" እያሉ መከፋፈል አያስፈልግም። ዲ ላይ ያለውን ማቆየት ከፈለጋችሁ ዲን በመጠኑ ለዩትና አትንኩት፤ ኢኤፍአይ፣ ኤምኤስአር፣ ሲ እና ሪከቨሪ የሚሉትን ብቻ አጥፉ። እነዚህ በዲስኩ መጀመሪያ ጎን ለጎን ከሆኑ ቦታቸው አንድ ላይ ይሆናል፤ እሱ ላይ ትጭናላችሁ።

ኤስኤስዲና ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ ያለው ማሽን ከሆነ ዲስክ 0 ኤስኤስዲው ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ሃርድ ዲስኩ ሊሆን ይችላል። ፍላሹ ራሱም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። በተጨማሪ መጫኛው ዊንዶውስን ኤስኤስዲው ላይ ጭኖ የማስነሻ ክፍሏን ሌላኛው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ ያ ዲስክ የተነቀለ ዕለት ኮምፒውተሩ አይነሳም። ዴስክቶፕ ከሆነ ሁለተኛውን ዲስክ ገመዱን ነቅሎ መጫን ከሁሉ ይሻላል።

ፋይሎቹ ከተገለበጡ በኋላ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ያደርጋል። ስክሪኑ ሲጠቁር ፍላሹን ንቀሉት። ካልነቀላችሁት አንዳንዱ ማሽን እንደገና ከፍላሹ ይነሳና መጫኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሰው ደግሞ "አልጫን አለ" ብሎ ይደጋግመዋል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ፍላሹ ቡት ሜኑ ላይ ጨርሶ ካልታየ መጀመሪያ ሌላ የዩኤስቢ መሰኪያ ሞክሩ። ቀጥሎ ባዮስ ገብታችሁ ከዩኤስቢ መነሳት መፈቀዱን እዩ። በጂፒቲ የተሠራ ፍላሽ ሌጋሲ ማሽን ላይ አይነሳም፣ ጨርሶ ላይታይም ይችላል፤ በኤምቢአር እንደገና መሥራት ነው። ፍላሹ ታይቶ ስትመርጡት በደኅንነት ምክንያት ከከለከለ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፉና ከጫናችሁ በኋላ መልሳችሁ አብሩት።

"ዲስኩ የኤምቢአር ሠንጠረዥ ነው፣ ዊንዶውስ መጫን የሚችለው ጂፒቲ ላይ ብቻ ነው" የሚል ከመጣ ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ተነስቷል፣ ዲስኩ ግን አሮጌ አከፋፈል አለው። የዚያን ዲስክ ክፍሎች በሙሉ ካጠፋችሁ ብዙ ጊዜ መጫኛው ራሱ ወደ ጂፒቲ ይቀይረዋል። ዲ ላይ ዳታ ካለ ግን ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ማውጣት አለባችሁ። ተቃራኒው፣ ዲስኩ ጂፒቲ ነው ብሎ ከከለከለ፣ ዲስኩን አትንኩት። ፍላሹ በሌጋሲ ስለተነሳ ነው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ቡት ሜኑ ላይ ዩኢኤፍአይ ያለበትን መስመር ምረጡ።

የዲስኮቹ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ከመጣ ዲስኩ ተቃጥሏል ብላችሁ አትደምድሙ። ከኢንቴል አስራ አንደኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባለው የዲስክ መቆጣጠሪያ የበራ ነው፤ የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ድራይቨሩ (መሣሪያውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሁልጊዜ የለውም። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ በሞዴሉ ስም የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨሩን አውርዳችሁ ፍቱት፤ ፎልደሩን መጫኛው ፍላሽ ላይ አስገቡትና "ሎድ ድራይቨር" በሚለው አሳዩት። ዲስኩ ወዲያው ብቅ ይላል። ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ማጥፋትም ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለት ሲስተም ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሌላኛው አልነሳም ሊል ይችላል።

የሚዲያ ድራይቨር ጎድሏል የሚለው መልእክት ስሙ ያሳስታል። ድራይቨር ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ፍላሹን ሌላ መሰኪያ ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ አይኤስኦውን በሻ-256 አረጋግጣችሁ ፍላሹን እንደገና ሥሩት።

መስፈርቱን በሩፈስ ዘልላችሁም በጣም አሮጌ ኮምፒውተር በዊንዶውስ 11 ሎጎ ላይ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ አትድከሙ። 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ጀምሮ ፖፕካውንት የሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዝ የሌለው ማሽን ጨርሶ አይነሳም፤ በሶፍትዌር የሚታለፍ አይደለም።

መጫኑ ካለቀ በኋላ

አካውንት በሚከፈትበት ደረጃ ላይ ዋይፋይ ካልታየ ድራይቨሩ የለም ማለት ነው። ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታችሁ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማካፈል) ብታበሩ እንደ ገመድ ኢንተርኔት ይቆጥረዋል። ከዚያ በዊንዶውስ አፕዴት አብዛኞቹ ድራይቨሮች በራሳቸው ይመጣሉ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት ነገር ከቀረ ከአምራቹ ገጽ በሞዴሉ ስም አውርዱ እንጂ "ሁሉንም ድራይቨር ያገኛል" የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ፤ ከጠቃሚው ይልቅ ማስታወቂያው ይበዛል።

ፍላሹን ወደ ተራ ፍላሽነት ለመመለስ ራይት ክሊክ አድርጎ ፎርማት ማለት ሁሌ አይበቃም፤ ትንሿ ክፍል ስለምትቀር መጠኑ ጎዶሎ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሩፈስን ክፈቱ፣ "ቡት ሴሌክሽን" ላይ "ኖን ቡተብል" የሚለውን፣ ፋይል ሲስተሙን ኤክስፋት አድርጋችሁ "ስታርት" በሉ፤ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል። ፍላሹን ለመጫኛነት የምታቆዩት ከሆነ ግን ዊንዶውስ 11 በየዓመቱ አዲስ ስሪት ስለሚወጣለት ከአንድ ዓመት በኋላ በአዲስ አይኤስኦ ሥሩት፤ አለዚያ ከጫናችሁ በኋላ የሚወርደው አፕዴት ራሱ ብዙ ጊጋባይት ይሆናል።